ሽማግሌ የላከው ወርክሾፕ

ፍኖተ ሰላም፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምወድዎ ለጋሼ ስዩም፤

እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎስ? ልጅዎ ያምሮትስ ደኅና ናት? እኛ ከዝናቡና ከጭቃው በቀር ምንም አልሆንንም፤ ተመስገን። ኔትወርኩ እንደ ጠፋ ነው። መንገዱ በተከፈተ ቁጥር ሹፌሩ ወንዳወቅ ወደ አዲስ አበባ ስለሚወጣ ይህን በእሱ ልኬልዎታለሁ። እጁ ታማኝ ነው፤ አፉን ግን እርስዎም ያውቁታልና ብዙ አያስወሩት።

የዓይን ሞራዎ ተገፍፎ ገና ከአልጋው ሳይወርዱ ልጅዎን "ክፍሉ እንዴት ነው?" ብለው መጠየቅዎን ወንዳወቅ እየሳቀ ነገረኝ። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ስለ ዓይኑ ይጠይቅ ነበር። ክፍሉ ደኅና ነው። የእርሻ መሣሪያ ጥገና ክፍላችን እርስዎ ቆልፈውት እንደ ሄዱ አለ። የበቆሎ መፈልፈያው ጥግ ላይ ሸራውን ለብሶ ቆሟል፤ ጣሪያው ዘንድሮ አያፈስም።

ስለ አዲሱ አሠራር ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ ቁርጥ ሆኗል። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ለኮሌጃችን በጀት በጅምላ አይመጣም፤ ሙከራው ከእኛ ይጀምራል ተብሏል። ገንዘቡ ሰልጣኙን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ሰልጣኙ ደግሞ የወደደውን ኮሌጅና የወደደውን ሙያ ራሱ ይመርጣል፤ የግሎቹም ከእኛ እኩል ይወዳደራሉ። ሃያ ሰልጣኝ ያልመረጠው፣ "ሲጨርሱ እኔ አሠራቸዋለሁ" ብሎ የሚፈርም ቀጣሪም ያላገኘ ክፍል ይዘጋል፤ አሰልጣኙም ወደ ሌላ ቦታ ይመደባል። ተዘጋጁ ብለው እስከ ጳጉሜን ጊዜ ሰጥተውናል። እየሠራንበት ስለሆነ እርስዎ ምንም አያስቡ። ሐኪሙ ያለዎትን ብቻ ያድርጉ፤ አያጎንብሱ፣ ከባድ ነገር አያንሱ፣ በተለይ ደግሞ አይናደዱ።

ተማሪዎ፣
ሲሳይነሽ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት ዲን፤

ይህን የምትጽፍልሽ ያምሮት ናት፤ ቃሉ የኔ ነው። እጄ ስለ ሰነፈ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አትፈልጊለት። ያምሮት ሾርባ በሾርባ አድርጋኛለች። ይህን አልጽፍም ብላ ስትከራከረኝ ነበር፤ ይኸው ጽፋዋለች። ለባልሽና ለልጆችሽ ሰላምታዬ ይድረስ።

ደብዳቤሽን ደጋግማ አነበበችልኝ። ስለ ጭቃው ጻፍሽ፣ ስለ መፈልፈያው ሸራ ጻፍሽ፣ ስለ ጣሪያው ሳይቀር ጻፍሽ። ከመምጣቴ በፊት የጀመርነውን ነገር ግን አንዲት ቃል አላነሣሽም። ሽማግሌዎቹ ምን አሉ?

ማስታወቂያችሁን በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ለጥፋችሁ ስትጠብቁ ማንም አልመጣም ነበር፤ ማንም አይመጣማ። የገበሬው ልጅ ዕጣ የሚቆረጠው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት አይደለም። ስለዚህ ነው መሐሪን "ተነሥ፣ ቄሱንና ሁለት አዛውንት ያዝና በቡሬ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች ቤት ለቤት ውጣ፤ ልጆቻቸውን ለክፍላችን በኔ ስም ጠይቅልኝ" ብየ የመጣሁት። መሐሪ ገና ወጣት አሰልጣኝ ቢሆንም እግሩ ፈጣን ነው። የውሃ ሞተሩ በየወንዙ ዳር ተበላሽቶ ተኝቷል። መውቂያው በመኸር መካከል ሲሰበር ጠጋኝ የሚመጣው ከባሕር ዳር ነው። ሰዎቹ ባለሙያ እንደሚያስፈልጋቸው እኔ ለእነሱ መንገር አልነበረብኝም።

ከሰኔ ጀምሮ ወሬ የለም። አንቺ ደግሞ ተማሪ ሳለሽ ጀምረሽ የሰበርሽውን ዕቃ ስትደብቂ ስለ አየሩ ጠባይ ነበር የምታወሪው።

አስተማሪሽ፣
ስዩም


ፍኖተ ሰላም፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ስዩም፤

ከሐምሌ 19ኙ ቀጥለው የላኳት፣ ያች ሰላምታ የሌላት አጭር ደብዳቤዎ ደረሰችኝ። የእጅ ጽሑፏ የያምሮት፣ ቁጣዋ የእርስዎ ነው። ወንዳወቅን አልቀየመውም። እኔ ልነግርዎ የሚገባኝን እሱ ቀድሞ ስለ ተናገረ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

አዎ፣ እውነት ነው፤ የእርሻ መሣሪያ ጥገና ክፍል ይዘጋ የሚል ሐሳብ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ገና ኮሌጆቹን ለሚመራው ቢሮ አልላክሁትም። ዓይንዎ ሳይድን እንዳይሰሙ ነበር ምኞቴ። "እንዴት እጅሽ ቻለ?" ላሉኝ፣ እጄ አልቻለም ነበር። በሩን ዘግቼ አልቅሼ ነው የፈረምሁት። ቱታ ለብሼ የመጀመሪያዋ ሴት ሰልጣኝ ሆኜ የገባሁት በዚያ በር መሆኑን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል? ግን ባዶ ክፍል ይዤ ብጠብቅ ሌሎቹንም ክፍሎች ይዞብኝ ይሄዳል።

ሽማግሌዎቹ በሰኔ ወጥተው ነበር፤ መሐሪ ያዘዙትን ፈጽሟል። በየቤቱ በክብር ተቀበሏቸው፣ አጎዛ ተነጠፈላቸው፣ ጠላ ቀረበላቸው። እሺ ያለ ግን አንድም ሰው የለም።

"ቃል በቃል ምን አሉ?" ብለዋል። አቶ ቢሆነኝን ያስታውሳሉ፤ ከቡሬ ወዲያ ያሉት፣ የውሃ ሞተራቸውን ወንዝ ዳር ተቀምጠው የጠገኑላቸው። ልጃቸው እናኑ መፍቻውን ሳይነግሯት እየመረጠች ታቀብልዎ ነበር፤ ተመልሰው ስለ እሷ ስንት ቀን እንዳወሩልን! እሳቸው እንኳ "እስቲ ከዘመድ እንምከርበት" ነው ያሉት። ሌላው "እናስብበት" አለ፤ ሌላው "አጎቷ ሳይሰማ ምን ብየ" አለ። መሐሪ "በጨዋ ደንብ እምቢ አሉን" ብሎ ነገረኝ፤ እኔም አመንሁት። መቼስ በእኛ አገር እንግዳን ፊት ለፊት እምቢ የሚል ሰው የለም። ሐምሌን ሙሉ የምዝገባ ጠረጴዛ አውጥተን ተቀመጥን። ኮምፒዩተር የሚፈልግ መጣ፣ ሒሳብ መዝገብ የሚፈልግ መጣ። ለእርስዎ ክፍል የመጣ የለም።

የቻልሁትን ሁሉ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ዓይንዎ እንዴት ነው ብዬ ጠይቄዎ በሁለቱም ደብዳቤዎ ዘለሉኝ፤ እርስዎም ስለ አየሩ እያወሩኝ ነው።

ሲሳይነሽ


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሲሳይነሽ ልጄ፤

ደብዳቤሽን እንደ ሰማሁ በቁጣ ላስጽፍ ስጀምር ያምሮት ብዕሩን አስቀምጣ "ሲበርድልህ ጥራኝ" ብላኝ ወጣች። በርዶልኛል። እንዲያውም ብቻዬን ቁጭ ብየ ስቄ ጨርሻለሁ።

አባትሽን ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንቺን ለባልሽ ስንጠይቃቸው ስንት ጊዜ ነው የተመላለስነው? እኔ እኮ አንዱ ሽማግሌ ነበርሁ። የመጀመሪያ ቀን ምን አሉን? "እስቲ ከዘመድ እንምከርበት።" ሁለተኛ ስንሄድ "ወንድሞቿ ከቡሬ አልመጡም" አሉን። በሦስተኛው ነው "ሰጥተናል" የተባልነው። ያን ጊዜ እኔ "በጨዋ ደንብ እምቢ አሉ" ብየ ቤቴ ብገባ ኖሮ ባልሽ ዛሬም ላጤ ነበር።

በሽማግሌ የተጠየቀ የጎጃም አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚለው መቼ ነው? እሺ ቢል እኮ ልጄ ከብዳኛለች ማለቱ ነው። ሰዎቹ እምቢ አላሏችሁም፤ ተመለሱ ነው ያሏችሁ። አንቺ ጠረጴዛ አውጥተሽ እነሱን ትጠብቂያለሽ፣ እነሱ ጓሯቸውን ጠርገው እናንተን ይጠብቃሉ። ክረምቱ በዚህ አለቀ! መሐሪ የባሕር ዳር ከተማ ልጅ ነው፤ ደግመህ ትሄዳለህ ብየ አልነገርሁትም። ይህን የማያውቅ ሰው አለ ብየ አላሰብሁም። እኔም የድርሻዬን ይቅር በይኝ።

ለአንቺ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከመጀመሪያው ሄደን እስክንመለስ ድረስ አንቺ ምን ስትይ ነበር የሰነበትሽው? መልሱን ለኔ አትጻፊልኝ። እናኑ ከሰኔ ጀምሮ ያንኑ ስትል ከርማ ይሆናል።

ፍልሰታ ሲፈታ ሂዱ። መሐሪን ብቻ አትላኪ፤ አንቺም ነጠላሽን ለብሰሽ ውጪ።

ስለ ዓይኔ፣ እጄ አልሰነፈም። የተገፈፈው ዓይን ቁስሉ ቶሎ አልጠገገም፤ እስካሁን ተሸፍኗል። ሌላው ደግሞ ድሮም ሞራ የጋረደው ነው። ሐኪሙ በዚህ ሳምንት ፋሻውን አንሥቶ ያየዋል። ልነግርሽ ያልፈለግሁት አንቺ የኔን ክፍል መዘጋት ልትነግሪኝ ባልፈለግሽበት ምክንያት ነው። እንግዲህ እኩል ሆነናል።

ስዩም


ፍኖተ ሰላም፣ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ስዩም፤

ፋሻው ተነሣ ወይ? ይህን ሳልጠይቅ ወደ ሌላ ወሬ አልገባም። አሁን ገባሁ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ስብሰባ ላይ ነበርሁ። አንብቤ ስጨርስ የፊቴ መቅላት ለሁሉም ታየ። አትጻፊልኝ ያሉኝን እጽፋለሁ። እናንተ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥታችሁ የተመለሳችሁ ቀን ከጓዳው በር ኋላ ቆሜ ሁሉን ሰምቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ውሻ በጮኸ ቁጥር ወደ ደጅ እወጣ ነበር። ቀሩ፣ ሌላ ቤት ሄዱ፣ ምን ሰምተውብኝ ይሆን እያልሁ እህል አልወርድ ብሎኝ ሰነበትሁ። ይህን ሁሉ ረስቼ በቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጬ "ፈላጊ የለውም" ብዬ ፈረምሁ። አፈርሁ።

ፍልሰታ እንደ ተፈታ ቄሱንና አዛውንቶቹን ለመለመን ሄድሁ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "እኛ እኮ መሐሪ ይጠራናል ብለን ስንጠብቅ ከረምን፤ ኮሌጁ ሐሳቡን ቀይሮ ይሆናል፣ መጠየቅም ነውር ነው ብለን ተውነው።" ሁላችንም እየተከባበርን ክፍሉን ልናስዘጋው ነበር ማለት ነው።

መጀመሪያ የገባነው አቶ ቢሆነኝ ቤት ነው። እሳቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው አይተውን አልተነሡም። እንዲህ ዓይነት አቀባበል አይቼ አላውቅም። ቄሱ ሰላምታ ሰጡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣

"አባ፣ ምነው እንዲህ አደረጋችሁን? ጠየቃችሁ፤ እንምከር አልን። መከርን። አጎቷን ከዳንግላ ድረስ አስመጣን። እናንተ ቀራችሁ። እኼው ሐምሌን ሙሉ ጎረቤቱ 'የቢሆነኝን ልጅ ጠይቀው ተዋት፤ ምን አግኝተውባት ነው?' እያለ ያማታል። ልጂቱ ገበያ መውጣት ትታለች" አሉ።

መሐሪ መሬት ቢከፈት ይገባ ነበር። እኔ ተነሥቼ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ የኔ ነው አልሁ። እናኑ ከጓዳው በር ኋላ ቆማ እግሯ ይታየኝ ነበር። ጋሼ፣ ያን እግር ሳየው ራሴን ያየሁ መሰለኝ። እዚያው በሩ ላይ ሄጄ "እኔም እንዲህ ቆሜ ነበር" አልኋት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። እኔም ምን ተረፈኝ።

ከዚያ በኋላ በሩ ሁሉ ተከፈተልን። በየቤቱ መክረው ጨርሰው ኖሯል! አንዱ ቤት እንዲያውም ለልጃቸው ቦርሳ ገዝተው ተቀምጠዋል። ግን ሁለት ነገር ጠየቁን። አንደኛው "ዋስ ጥሩ" ነው። ልጃችንን ወስዳችሁ ሥራ ፈት አድርጋችሁ ብትመልሱብን ማንን እንይዛለን አሉ። እኔ ስለ ሥልጠና ጥራት ማብራራት ስጀምር፣ እኒያ ቡሬ ላይ ወፍጮ ያላቸው፣ መውቂያም የሚያከራዩት ወይዘሮ እማዋይሽ ለካ የአቶ ቢሆነኝ ዘመድ ናቸው፤ እዚያው እሳቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲሰሙ ቆይተው፣ "ኧረ እኔ ዋስ ነኝ! ሞተር በቆመብኝ ቁጥር ጠጋኝ ስለምን አረጀሁ እኮ። ተምረው ይምጡልኝ እንጂ እኔው አሠራቸዋለሁ፤ የሚተርፉትን ለሌሎቹ ባለ መውቂያዎች እነግራለሁ" አሉ።

አቶ ቢሆነኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን መሐሪን ዞሬ አየሁት፣ እሱም አየኝ። ቢሮው ስንት ወር "ቀጣሪ አምጡ" ሲለን በየድርጅቱ በር ስንለምን የከረምነው ይኼንኑ ነበር። እዚህ ዋስ ይባላል፤ ሳንጠይቅ አባቶች ጠየቁልን። በማግስቱ ወይዘሮ እማዋይሽ ሁለት ሌሎች ባለ መውቂያዎችን ይዘው መጥተው ፈረሙ። የመዝጊያውን ሐሳብ ቀድጄ ጣልሁት። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ሁለተኛው ጥያቄያቸው ከብዶኛል። "የተጠየቅነው በመምህር ስዩም ስም ነው፤ በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ይምጡና እንስጣቸው" ብለዋል። ታመው ነው ብዬ ነገርኋቸው። "እንግዲያ እስኪድኑ እንጠብቃለን" አሉ፤ እነሱ ይጠብቃሉ፣ ቢሮው ግን ከጳጉሜን አያልፍልንም። ሐኪሙ ካልፈቀደልዎ እንዳይመጡ። ይህን የምጽፈው ከልቤ ነው። ካልመጡ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም።

ሲሳይነሽ


ቡሬ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሲሳይነሽ፤

ፊደሉ ቢጣመም አትሳቂ። ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በራሴ እጅ፣ በራሴ ዓይን። ያምሮት አጠገቤ ተቀምጣ "መስመሩን ለቀህ ወጣህ" ትለኛለች። ፋሻው ተነሥቷል፤ ቁስሉ ጠግጓል። ሐኪሙ "አቧራና ጭስ የሌለበት ቦታ ከሆነ ለጥቂት ቀን ሂዱ" አለኝ። በክረምት ጎጃም ምን አቧራ አለ አልሁት።

አንቺ ጋ ሳልወርድ በማለፌ ተቀይመሽ ይሆናል። ወንዳወቅን ፍኖተ ሰላም እንዳትቆም ብየ የለመንሁት እኔ ነኝ። ካየሽኝ አልጋ ላይ እንደምታስተኚኝ አውቃለሁ። ከመስኮቱ ግን የኮሌጁን አጥር አየሁት። ከዚያ ወዲህ መንገዱን ሙሉ በቆሎውን ሳይ መጣሁ። ቅጠል ከቅጠል ለይቼ ማየት እንዲህ ደስ የሚል ነገር መሆኑን ረስቼው ነበር። ያምሮት "አባባ፣ ማልቀሱ ለዓይንህ ጥሩ አይደለም" አለችኝ።

መሐሪን "በሦስተኛው ቀን ምን ሆነ?" ብለሽ እንዳትጠይቂው፤ እኔ ልንገርሽ። ሰዎቹ ሁሉ አቶ ቢሆነኝ ግቢ ተሰብስበው ጠበቁኝ። ቄሱ ተነሥተው ጠየቁ። አቶ ቢሆነኝ ደግሞ እንደ ደንቡ እየተግደረደሩ፣ "ልጄ ለብረት ሥራ ጉልበት የላትም፣ ገና ሕፃን ናት" እያሉ ቀናነሱብን። ይኼኔ እናኑ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "እኔ አሁን የወንዙን ሞተር ብቻየን ፈትቸ አልገጠምሁትም?" አለች። ሴቶቹ "ኧረ ዝም በይ!" ብለው ጎተቷት። አባትየው ግን ሳቃቸው አመለጣቸው። "እንግዲህ ሰጥተናል" አሉ። ከእሳቸው በኋላ ሌሎቹ ተራ በተራ ሰጡን። ሃያው ሞልቶ ተርፏል። ስማቸውን መሐሪ ይዟል፤ ነገ በጠዋት ለቢሮው ታደርሺዋለሽ።

አንድ ነገር አደራ አሉኝ። "ተቀብለው የሚወስዱት እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ ነው" ብለዋል። እሺ ብያለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ቁሚ። ሁለተኛው ዓይኔ በጥቅምት መጀመሪያ ስለሚገፈፍ እኔ አልኖርም፤ በኔ ቦታ አንቺ ተቀበያቸው።

ስዩም


ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ስዩም፣ ከያምሮት ጋር፤

ሁለተኛው ዓይንስ? ወንዳወቅ "ደኅና ናቸው፣ ነርሶቹን ይቆጣሉ" ስላለኝ እፎይ ብያለሁ። በወንዳወቅ በኩል ለጠየቁኝ ሁሉ መልስ አለኝ፣ ለመጻፍም አላመነታም፤ አሁን የምደብቀው የለኝም።

ትናንት ገቡ። እኔ ሰልጣኞች ይመጣሉ ብዬ በር ላይ ስቆም፣ ከመንገዱ የታየኝ ሰልፍ ነው። ቤተሰብ ተከትሏቸው፣ አጎት ተከትሏቸው፣ ዋሶቹ ተከትለዋቸው፣ ዳቦና የእሸት ቅርጫት ተሸክመው መጡ። አክስቶቹ በሩ ላይ እልል አሉ። ለቁጥጥር ከቢሮው የመጣው ሰው ግራ ገብቶት "ሠርግ አለ እንዴ?" አለኝ። "ምዝገባ ነው" አልሁት። ቆሞ አያቸው፣ ከዚያ ወይዘሮ እማዋይሽን ጠጋ ብሎ "እርስዎ የማን እናት ነዎት?" አላቸው። "የማንም፤ እኔ ዋስ ነኝ" አሉት። ስለ ዋስ ሲያስረዱት አንድ ሰዓት ያህል ይዘውት ቆዩ። ሲሄድ ሌሎቹ ክፍሎቻችንም እንዲሁ ሽማግሌ ልከው እንደሆነ ጠየቀኝ። ገና ነው፣ ግን የልብስ ስፌቱ ክፍል አሰልጣኝ ከቄሱ ጋር መነጋገር ጀምራለች።

አቶ ቢሆነኝ ወርክሾፑን ዞረው ዞረው አዩና፣ "መምህር ስዩም የሚቆሙት የት ነው?" አሉኝ። የሥራ ጠረጴዛዎን አሳየኋቸው። እናኑን እጇን ይዘው እዚያ አቁመዋት ወጡ። ከአጥሩ ውጭ ግን ፊታቸውን በጋቢያቸው ሲጠርጉ መሐሪ አይቷቸዋል።

እናኑ ቤተሰቧ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ ማንም ሳያዛት ወደ ጥግ ሄዳ የመፈልፈያውን ሸራ ገፈፈችው። አቧራው ሁሉንም አስነጠሳቸው፤ እንኳንም እርስዎ አልነበሩ። "ይኼ ምን ሆኖ ነው የቆመ?" አለች። ማርሹ ተበልቶ ነው ብሎ መሐሪ ሲመልስላት ዙሪያዋን ከበው ተቀመጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳያቸው ቆየሁ። ቢሮ ስብሰባ ነበረኝ፤ ቀረሁ።

በሐምሌ ጠይቀውኝ ውሸት ጽፌልዎ ነበር። ዛሬ ደግመው ስለ ጠየቁኝ ልመልስልዎ፤ ክፍሉ ደኅና ነው፣ ጋሼ።

ልጅዎ፣
ሲሳይነሽ